ፊደል ከመቁጠር እስከ ፕሮግራም መጻፍ፤ ያለ ኮምፒዩተር የሚሰጥ የኮምፒዩተር ትምህርት አጭር ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ቅዳሜው የልጆች ትምህርት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የአንድ ወላጅ ጥያቄ ነው። ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙ በማይርቅ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ፣ የነበረን ንብረት ታጣፊ ወንበሮችና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነበር። ልጆቹ አማርኛ ከሚማሩበት ክፍለ ጊዜ ቀጥሎ ለአንድ ሰዓት «የኮምፒዩተር ትምህርት» እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ለጥፈናል። እኚህ ወላጅ ልጃቸውን ይዘው መጡና አዳራሹን ዙሪያውን ቃኝተው፣ «ወንድሜ፣ ኮምፒዩተሩ የት አለ?» አሉኝ። «የለንም» አልኋቸው። «ታዲያ ምን ልታስተምሯቸው ነው?» አሉ። በዚያ ቀን የሰጠሁት መልስ እሳቸውንም እኔንም አላረካም። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልስ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። እዚህ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሌሊት ሠርቶ፣ ቀን ልጅ አመላልሶ፣ የቅዳሜ ዕረፍቱን ሠውቶ የሚመጣ ወላጅ ልጁ ምን እንደሚያገኝ የማወቅ መብት አለው። ከጥያቄው ጀርባ ግን ሌላ ስጋት ነበረ። ልጆቻችን እዚህ የተወለዱ ወይም በሕፃንነታቸው መጥተው ያደጉ ናቸው። በየቤታችን ኮምፒዩተርን የሚመለከት ነገር ሁሉ የልጆች፣ የአገር ቤት ነገር ሁሉ የወላጆች ተደርጎ ተከፍሏል። አባት በልጁ ፊት «እኔ አላውቅበትም» ማለትን ሲለምድ፣ ልጁም «አባባ አያውቅም» ማለትን ይለምዳል። እየዋለ ሲያድር አባት በእርግጥ የሚያውቀውን ነገር እንኳ የሚጠይቀው ሰው ያጣል። የቅዳሜው ትምህርት ይህን ክፍፍል ለመስበር የሚችለው ኮምፒዩተር በመግዛት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በታች በታሪክ ለማሳየት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮግራም ማለት ምን ማለት ነው?

ፕሮግራም መጻፍ በአጭሩ አንድን ሥራ ከፋፍሎ፣ በራሱ ግምት ምንም ለማይጨምርና የታዘዘውን ብቻ ለሚፈጽም ሠራተኛ በቅደም ተከተል ማዘዝ ነው። መሠረቶቹ ጥቂት ናቸው። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው፤ የትኛው ይቀድማል፣ የትኛው ይከተላል? ሁለተኛው ሁኔታን አይቶ መወሰን ነው፤ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያን አድርግ»። ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው፤ «እስኪያልቅ ድረስ መላልሰህ ሥራ»። አራተኛው ስም ያለው መያዣ ነው፤ በውስጡ ያለው ቁጥር ይለዋወጣል፣ ስሙ ግን እንዳለ ይኖራል። እነዚህ ተቀናብረው የሚሰጡትን የአሠራር ሥርዐት ፈረንጆች አልጎሪዝም ይሉታል። ቃሉ የመጣው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከኖረው የሒሳብ ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም ነው። ይህ ሊቅ ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ ከሺሕ ዓመት በላይ አስቀድሞ የኖረ መሆኑን ልብ ይሏል።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርታችን ቡና ማፍላት ነበር። አንዲት እናት የቡና ዕቃቸውን ይዘው መጡልን። ደንቡ ቀላል ነው፤ ልጆቹ ያዝዛሉ፣ እሳቸው የታዘዙትን ብቻ ይፈጽማሉ። «ቡናውን ይቁሉ» አለ አንዱ። እሳቸውም ብረት ምጣዱን እሳት ላይ ሳይጥዱ ጥሬውን ቡና በባዶው ምጣድ ላይ ያማስሉ ጀመር። «ውሃ ይጨምሩ» አለች ሌላዋ። ጀበናው ውስጥ አላለችምና ውሃውን ሲኒ ላይ ቀዱት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ከሳቁ በኋላ ግን እያንዳንዱን ትእዛዝ እንደገና ማሰብ ጀመሩ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሰሌዳው ላይ ቅደም ተከተሉ ተሟልቶ ተጻፈ፤ «ሊገነፍል ከሆነ ከእሳት ያውርዱ» የሚል ሁኔታም ገባበት። በመጨረሻ እኒያ እናት፣ «አቦሉን ብቻ ጠጥታችሁ ልትሄዱ ነው? ቶናና በረካስ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ለቶናና ለበረካ ትእዛዙን ሁሉ እንደገና ሊጽፉ ሲነሡ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ «ሁለቱም ላይ ቡናው ተወቅጧል፣ ውሃ መጨመርና ማፍላቱን ብቻ ሁለት ጊዜ ድገም እንበላ» አለች። ድግግሞሽ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሐሳቡ በዓለም ላይ

ያለ ማሽን ማስተማር የእኛ ማኅበር ፈጠራ አይደለም። በ1967 አሜሪካ ውስጥ ሎጎ የተባለ ለልጆች የታሰበ የፕሮግራም ቋንቋ ተሠራ። ከሠሪዎቹ አንዱ ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ያደገው ሲሞር ፓፐርት ነው። በሎጎ ልጆች «ኤሊ» የተባለችን ነገር «ወደ ፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ» እያሉ ያዝዛሉ። ልጁ ትእዛዙ ሲጠፋበት ፓፐርት የሚመክረው ከማሽኑ ፊት ተነሥቶ ራሱ እንደ ኤሊዋ እንዲራመድ ነበር። አራት ማዕዘን በእግሩ የሄደ ልጅ፣ «ሂድ፣ ዙር» የሚለውን አራት ጊዜ መድገም እንዳለበት እግሩ ይነግረዋል።

ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ቲም ቤል፣ ከኢያን ዊተንና ከማይክ ፌሎውስ ጋር በመሆን ኮምፒዩተር የማያስፈልጋቸው የክፍል ውስጥ ጨዋታዎችን ሰበሰቡ። መጽሐፋቸው በ1998 ወጣ፤ በብዙ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። ከጨዋታዎቹ ታዋቂው አምስት ካርዶች ብቻ የሚፈልግ ነው። በካርዶቹ ላይ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥቦች ተሥለዋል። አምስት ልጆች ካርዶቹን ይዘው ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ ካርዱን ወይ ያሳያል ወይ ይሸፍናል፤ ሌላ ምርጫ የለውም። «13 አሳዩኝ» ሲባሉ የ8፣ የ4 እና የ1 ካርዶች ይገለጣሉ፣ የ16ና የ2 ይሸፈናሉ። በዚህ መንገድ ከ0 እስከ 31 ያለውን ቁጥር ሁሉ ማሳየት ይቻላል። ኮምፒዩተርም ቁጥርን የሚይዘው ልክ እንደዚህ፣ በሁለት ምልክቶች ብቻ ነው።

ይህን ጨዋታ ከልጆቻችን ጋር በተጫወትንበት ቀን ከወላጆች አንዱ፣ «ይህ ነገር እኛም ዘንድ አለ ይባላል» ብለው በቦርሳቸው ከያዙት ሽምብራ እፍኝ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ያሳዩን ነገር ይህ ነው።

በጠጠር ማባዛት

አንድ ነጋዴ እያንዳንዳቸው 24 ብር የሚያወጡ 13 ፍየሎች ገዛ እንበል። ማባዣ ሠንጠረዥ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እጥፍ ማድረግና ግማሽ ማድረግ። በግራ በኩል 13ን ግማሽ ግማሽ እያደረገ ይወርዳል፤ የሚተርፈውን ይጥለዋል፤ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ በኩል 24ን እጥፍ እጥፍ እያደረገ ይወርዳል፤ 24፣ 48፣ 96፣ 192። ከዚያ በግራ ያለው ቁጥር ሙሉ፣ ማለትም ለሁለት የሚካፈል ከሆነ፣ በአጠገቡ ያለውን የቀኝ ቁጥር ይሰርዛል። እዚህ 6 ሙሉ ስለ ሆነ 48 ይሰረዛል። የቀሩትን ይደምራል፤ 24 እና 96 እና 192፣ 312 ብር። በሌላ መንገድ ብታባዙትም ያው ነው።

ይህን አሠራር በምዕራቡ ዓለም የሚታተሙ ብዙ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» ብለው ይጠሩታል፤ የፕሮግራም ተማሪዎችም በዚሁ ስም እንደ መልመጃ ይሠሩታል። ስሙ ቢያኮራንም አሠራሩ የእኛ ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። ሌሎች መጻሕፍት «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» ይሉታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በግብፅ አሕሞስ የተባለው ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይም በእጥፍ የማባዛት ሥራ ይገኛል። ዕውቀት ድንበር አያውቅም፤ ለልጆቻችንም ይህንኑ ነግረናቸዋል።

ነገሩ ለምን እንደሚሠራ ያወቁት ግን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። በግራ በኩል ጎደሎ የሆኑት 13፣ 3 እና 1 በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ካርዶቹን በዚሁ ተራ ብናስቀምጣቸው 1፣ 4 እና 8 ይሆናሉ፤ ድምራቸውም 13 ነው። ስለዚህ ነጋዴው ሳያውቀው 24ን አንድ ጊዜ፣ አራት ጊዜና ስምንት ጊዜ ወስዶ ደምሯል። ጎደሎው የተገለጠ ካርድ፣ ሙሉው የተሸፈነ ካርድ ነው። ሽምብራው ከኒው ዚላንዱ ካርድ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኘ።

ፊደልና ገበታ

በአማርኛ አንድ ሰው ማንበብ ተማረ ለማለት «ፊደል ቆጠረ» እንላለን። በጥንቱ የቆሎ ትምህርት ቤት ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደሉን በቁመትና በአግድም ይቆጥር ነበር። ሠላሳ ሦስት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ሰባት ቤት፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ፤ በድምሩ 231። አንድን ፊደል ለማግኘት ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል፤ የትኛው ረድፍ፣ ስንተኛው ቤት። በፕሮግራም ትምህርት ሠንጠረዥ የሚባለው ይህ ነው፤ አሜሪካዊው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ የሚማረውን የእኛ ልጅ አማርኛ ሲጀምር ይዞት ይመጣል።

ይህ ንጽጽር ብቻ አይደለም። የዓለም ፊደላት በኮምፒዩተር የሚወከሉበት ዩኒኮድ የተባለው መለኪያ በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲቀበል የገበታውን ሥርዐት ጠብቆ ነው። ሀ 4608ኛ ቁጥር ተሰጠው፤ ለ 4616ኛ፣ ሐ 4624ኛ፣ መ 4632ኛ። በየረድፉ ስምንት ቦታ አለ፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤት፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላለው ዲቃላ። እንግዲህ የ«ማ» ቁጥር ስንት ነው? ራብዕ ነው፤ ከመ ሦስት ቤት ወደ ፊት ይቆጠራል፤ 4635። ልጆቹ ስማቸውን በዚህ መንገድ ወደ ቁጥር እየለወጡ ለጓደኞቻቸው ምስጢራዊ ደብዳቤ መጻፍ ሲጀምሩ፣ ቀድሞ አማርኛን እንደ ቅጣት ይቆጥሩ የነበሩት ጭምር ገበታው ፊት ተሰልፈው ይጋፉ ነበር። ወደ ታች ሲወርዱ እንደ ቀ ያሉ ፊደሎች ለዲቃሎቻቸው ተጨማሪ ረድፍ ስላላቸው ስሌቱ ይዛባል፤ እሱንም ልጆቹ ራሳቸው አግኝተው «ቀ ላይ ከደረስክ» የሚል ሁኔታ ጨመሩበት።

የገበጣ ጨዋታም እንዲሁ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የገበጣ ዐይነቶችን መዝግበዋል። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም በብዙዎቹ ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ጠጠሮቹን ሁሉ አንሥቶ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይዘራል፤ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ላይ ካረፈ ያንን አንሥቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ላይ ካረፈ ያቆማል። «ባዶ እስክታገኝ ድረስ ቀጥል» የሚለው ትእዛዝ ድግግሞሽና የድግግሞሽ ማቆሚያ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ጠጠሩን ሳይነካ የት እንደሚቆም በዓይኑ ቆጥሮ ያውቃል። ጎበዝ ፕሮግራመርም ማሽኑን ከመክፈቱ በፊት የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ባሕረ ሐሳብ

ከሁሉም የሚልቀው ግን ባሕረ ሐሳብ ነው። ሃይማኖታችን ምንም ይሁን ምን፣ ይህ የዘመን ቁጥር ስሌት የሁላችንም ቅርስ ነው። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ በ1979 አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎበታል። እዚሁ አሜሪካ በሚኔሶታ ይኖሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በ2000 «ባሕረ ሐሳብ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በአማርኛ አበርክተውልናል። ይሁንና ብዙዎቹ ሊቃውንት የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በቃል ነው። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት የሚታወጁት በዚሁ ስሌት ነው።

የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ከመድረሱ በፊት በአንዱ ቅዳሜ ስሌቱን ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ ሠራሁላቸው። አንባቢም እርሳስ ይዞ ቢከተለኝ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ 7517 ዓመተ ዓለም። ይህን ለ4 ስናካፍል 1879 ደርሶ 1 ይተርፋል። ትርፉ 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ ነው፤ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ትርፍ ከሌለ ዮሐንስ። ቀጥሎ 7517ና 1879 ተደምረው ለ7 ይካፈላሉ፤ ትርፉ 2 ነው። ትርፉ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ስለሚሄድ መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ ማለት ነው።

ሁለተኛ 7517 ለ19 ይካፈላል፤ 12 ይተርፋል። 19 የተባለበት ምክንያት ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ሒሳባቸውን ስለሚያስታርቁ ነው፤ 19 የፀሐይ ዓመት 235 የጨረቃ ወር ያህላል። ከ12 አንድ ሲቀነስ 11 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 30 30ው ሲወጣ አበቅቴ ይገኛል፤ 121 ከ30 ሲገደፍ 1። 11ዱ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥባቸው ቀኖች ናቸው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 30 30ው ሲወጣ ደግሞ መጥቅዕ ይገኛል፤ 209 ሲገደፍ 29። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ስሕተት ተሠርቷል። ሊቃውንቱ ስሌቱ ውስጥ ራሱን የሚመረምርበት መቆጣጠሪያ አኑረውለታል።

ሦስተኛ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 29 ስለ ሆነ መስከረም 29 ነው፤ መስከረም 1 ረቡዕ ከሆነ 29ኛውም ረቡዕ ነው። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል ቁጥር አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 29 ላይ 4 ሲደመር 33፤ 30 ሲገደፍ 3 ይቀራል። ይህ መባጃ ሐመር ነው።

እዚህ ላይ፣ «መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ጾመ ነነዌ በጥር ይገባል» ብዬ «ጥር 3» ብዬ ጻፍሁ። ለፋሲካ 69 ቀን ጨምሬ «መጋቢት 12» ላይ ደረስሁ። ልጆቹ ገለበጡ። ከኋላ ወንበር ላይ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው የተቀመጡ አንድ አረጋዊ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ነነዌ ከጥር 17 ቀን በታች ወርዶ አያውቅም፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 በታች አይወርድም። ሠላሳውን ስትገድፍ ወሩን ረሳኸው» አሉኝ። እውነታቸው ነበር። ድምሩ ከ30 ካለፈ ነነዌ ወደ የካቲት ይተላለፋል፤ ያንን ሁኔታ ዘልዬዋለሁ። ስለዚህ ነነዌ የካቲት 3፣ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.። በአውሮፓውያኑ አፕሪል 20 ቀን 2025 መሆኑ ነው፤ በዓሉም በዚያው ቀን ተከበረ።

እኒህ አባት በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ሆነው የተማሩትን ከስድሳ ዓመት በላይ በአእምሯቸው ይዘው ኖረዋል። የፕሮግራም ሰዎች ውጤትን ከታወቀ ወሰን ጋር አስተያይተው ስሕተት የሚለቅሙበትን ሥራ በቅጽበት ሠሩልኝ። የልጅ ልጃቸው አፉን ከፍቶ ያያቸው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ አያቱን እጃቸውን ይዞ ከፊት ወንበር አስቀመጣቸው። ኋላ ላይም ከፍ ካሉት ተማሪዎች ሦስቱ ያንን ስሌት በኮምፒዩተር ፕሮግራም ጻፉት፤ ለመቶ ዓመት የሚሆነውን ፋሲካ አስወጥተው ውጤቱን አያትየው ፊት አቀረቡ። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ተመለከቱና፣ «አሁን ገና ተማሩ» አሉ።

መሣሪያ ኖሮ ትምህርት ሲጠፋ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ኮምፒዩተሩ የት አለ? የዚህችው የምንኖርባት ከተማ ታሪክ ለጥያቄው አንድ መልስ አለው። የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት በ2002 የፌርፋክስን ጎዳና ክፍል «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሞልናል። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ተመራማሪ የሆነችው ጄን ማርጎሊስ ከባልደረቦቿ ጋር በከተማው ሦስት የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አጥንታ በ2008 መጽሐፍ አሳተመች። ጥናቱ ያሳየው ነገር አስደንጋጭ ነው። ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ትምህርቱ ነው። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የሚማሩት መተየብና የተዘጋጁ ፕሮግራሞችን መጠቀም ነበር፤ ችግርን ፈትቶ ፕሮግራም መጻፍ ግን ለጥቂቶች የተተወ ነበር። መጽሐፉ ይህን ዋና ከማያውቅ ሰው ጋር ያመሳስለዋል፤ ገንዳው አለ፣ ልጆቹ ግን ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ቀርተዋል።

ከዚያ ጥናት በኋላ ጆአና ጉድና ጌይል ቻፕማን ለሎስ አንጀለስ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አዲስ ሥርዐተ ትምህርት ጻፉ፤ በ2008 ማስተማሪያ ሆነ፤ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ። ስድስት ክፍሎች ካሉት ከዚህ ትምህርት ፕሮግራም መጻፍ የሚመጣው በአራተኛው ነው። ከዚያ አስቀድሞ ተማሪዎቹ በእጃቸው፣ በወረቀትና በቡድን ሆነው ችግር መፍታትን ይለማመዳሉ። ማለትም የከተማችን መምህራን እኛ በችግር ምክንያት የጀመርነውን አስበውበት መርጠውታል።

አገር ቤትም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ማንበብ የማይችሉ ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት አደለ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው እንደ ተጠቀሙበት ተናግሯል። ይህ የልጆቻችንን ብልህነት ያሳያል፤ መምህር አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። በ2024ም የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመሆን አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት የፕሮግራም ትምህርት ለማስተማር ዘመቻ ጀምሯል። መልካም ጅምር ነው። መብራት ሲጠፋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ሽምብራ፣ ገበጣና ገበታ ከእጅ አይጠፉም።

የቀረን ሥራ

ይህን ስል ማሽን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ካርድና ጠጠር በር ይከፍታሉ እንጂ ቤት አይሆኑም። ልጁ በመጨረሻ የጻፈውን ማሽኑ ሲፈጽምለት ማየት አለበት፤ ስሕተቱንም ከማሽኑ መስማት አለበት። ማኅበራችን በአባላት መዋጮ የተገኙ ጥቂት ኮምፒዩተሮችን ካገኘ በኋላ ትምህርቱ እንዴት እንደ ተሻሻለ ዓይተናል። ነገር ግን ቀድሞ በቡናና በገበጣ የተማሩት ልጆች ማሽኑ ፊት ሲቀመጡ ምን ሊያዝዙት እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

አንድ ጸጸት ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እኒያ ባሕረ ሐሳብን ያረሙኝ አባት ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለ ጨረቃ ሠርቅና ስለ ሌሊት አቆጣጠር የሚያውቁትን አንድ ቀን ተቀምጠን በድምፅ እንቀዳለን እያልን፣ አንድ ጊዜ ቀረጻው፣ አንድ ጊዜ አዳራሹ እያጣን፣ ሳንቀዳው ቀረን። የቀረን ልጆቹ የጻፉት ፕሮግራምና አንድ ደብተር ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ቢጠፋ ገዝቶ መተካት ይቻላል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ዐሥር ዓመት አንድ ጥያቄ አለኝ። በየቤታችሁ ያላችሁ አባቶችና እናቶች፣ ቅዳሜ ልጆቻችሁን በር ላይ አድርሳችሁ አትመለሱ። ገበጣ የምታውቁ፣ ጥልፍና ሽመና የምታውቁ፣ እቁብና ዕድር ስታሰሉ የኖራችሁ፣ ቅኔና ድጓ የተማራችሁ፣ ግቡና ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ሽመና ውስጥ ድግግሞሽ፣ በእቁብ ውስጥ ተራ፣ በዕድር ውስጥ ሁኔታ አለ። ልጆቹ ኮምፒዩተር የሚያስተምራቸው ሌላ ሰው ያገኛሉ፤ ይህን የሚያስተምራቸው ግን ከእናንተ ሌላ የላቸውም።

ያ ወላጅ ዛሬ «ኮምፒዩተሩ የት አለ?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ «ግቡ፣ እርስዎን ስንጠብቅ ነበር» ብዬ ወንበር አቀርብላቸዋለሁ። ለሃያኛው ዓመት በሰላም ያድርሰን።